አገር የሚቀብራት፣ መዝገብ የማያውቃት

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የአማኝ እናት ኑሮና ዕረፍት

ጥሩምባው የሚነፋው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከጅጋ ከተማ ወጥቶ አስፋልቱን ወደ ኋላ ለተወ ሰው መንደሮቹ በባሕር ዛፍ ታጥረው፣ በቀዩ አፈር ላይ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ማሳ መካከል ተበትነው ይታያሉ። ከአንዱ ጉብታ የተነፋ ጥሩምባ ለሌላው ይሰማል። በሬ ጠምዶ የወጣው ገበሬ ይቆማል። ወንዝ የወረደችው ልጅ ጄሪካኗን ታስቀምጣለች። «ማን ዐረፈ?» ይባላል። መልሱ እንደመጣ በሬዎቹ ይፈታሉ። ወቅቱ የዘር ይሁን የአጨዳ፣ አስከሬን ቤት ውስጥ ሳለ ማረስ ነውር ነው።

ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው መቃብር ሊቆፍሩ ወደ ደብሩ ያቀናሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ሟች ቤት ይጎርፋሉ። አንዷ ንፍሮ ትጥዳለች፣ ሌላዋ ከራሷ ቤት እንጀራ ተሸክማ ትመጣለች፣ ሦስተኛዋ ሕፃናቱን ሰብስባ ወደ ጓሮ ትወስዳለች። ቡሬ ወይም ባሕር ዳር ላለው ልጅ ስልክ ይደወላል። «እናትህ ሞተች» አይባልም፤ «ታማለችና ቶሎ ድረስ» ይባላል። መርዶ ፊት ለፊት፣ ሽማግሌ ባለበት የሚነገር ነገር ነውና።

የምትቀበረው የገበሬ ሚስት፣ የስምንት ወይም የዘጠኝ ልጆች እናት፣ የብዙዎች አያት ናት። በዚህ ዘገባ ስሟ አይጠራም፤ አንዲት ሴት ብቻ አይደለችምና። በ1940ዎቹ በዳሞት ምድር ተወልደው፣ በልጅነት ተድረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእርሻና በቤተ ክርስቲያን መካከል ተመላልሰው አሁን ተራ በተራ እያረፉ ያሉ እናቶች ሁሉ ናቸው። የአንዷ ኑሮ የሌላዋን ስለሚመስል እንደ አንዲት ሴት ልንከተላቸው እንችላለን። ልንከተላቸውም ይገባል፤ ምዕራብ ጎጃምን ያጠገቡት እነሱ ሆነው ሳለ በጽሑፍ ያለው ታሪካቸው እጅግ ጥቂት ነው።

የውድነሽ ጎረቤቶች

ከፍኖተ ሰላም ብዙም የማትርቅ ማንኩሳ የምትባል ስፍራ አለች። የአማርኛ አንባቢ ስሟን ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቀዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙም በዚያች መንደር የምትኖር አማኝ ሴት ናት። ልጇ እንዲተርፍላት ከባሏ ከቦጋለ መብራቱ ጋር ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተሳለችው። የመጽሐፉ መከራ ሁሉ ከዚያ ስለት ይመዘዛል።

ውድነሽ የደራሲ ፍጡር ናት፤ ስለቷ ግን ልብ ወለድ አይደለም። ልጅ እየተወለደ በሚሞትበት አገር እናት ያላት መድኃኒት ስለት ነበር። ለቅዱስ ሚካኤል ዣንጥላ፣ ለእመቤታችን መጋረጃ፣ ለአቦ ዕጣን ይሳላሉ። ምንም የሌላት ደግሞ ልጁን ራሱን ትሰጣለች። ጎጃም በቅኔ መምህራን የታወቀ ሊሆን የቻለው በዋሸራ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዲማ ጊዮርጊስ የተቀመጡ ሊቃውንት ስለነበሩት ብቻ አይደለም። ልጆቻቸውን ሸኝተው የሰው ልጅ ሲመጣባቸው ያበሉ እናቶችም ስለነበሩት ነው።

የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በሩ ላይ የምትወጣው እሷ ናት። ቁራሽ ትሰጠዋለች። እህል ባጠረበት በክረምቱ ወር ቁራሹ ያንሳል እንጂ አይቀርም። የራሷ ልጅ በሌላ አገር፣ በሌላ ሴት በር ላይ በዚያው ሰዓት ቆሞ ይሆናል። አንድ መሪጌታ ለመሪጌትነት እስኪበቃ ስንት ዓመት፣ ከስንት ቤት እንደበላ የቆጠረ የለም። የእነዚያ ቤቶች ሁሉ ምጣድ ግን በሴት እጅ የተጣደ ነበር።

ከአባት ቤት ወደ ባል ቤት

ይህች ሴት ስትወለድ በሰማንያኛ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ካህኑ ያን ዕለት ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ የሚል ስም ሰጣት። እናቷ ሰማችው፣ የክርስትና እናቷ ያዘችው፣ ከዚያ በኋላ ግን በመንደሩ ውስጥ ማንም አልጠራትም። ወደዚህ ስም ኋላ እንመለሳለን።

የተዳረችው በልጅነቷ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት እንዲሆን ቢደነግግም ሕጉ ዳሞት ገጠር አልደረሰም ነበር። ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ ያደረገው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ እሷ ራሷ ልጆቿን ድራ ነበር። ወላጆቿ የቸኮሉት ጠልተዋት አይደለም። ከጨዋ ቤት ዝምድና ለመመሥረት፣ በሕይወት ሳሉ ጎጆዋን ለማየት፣ ስሟም እንዳይነሣ ለመጠበቅ ነበር። ዋጋውን የከፈለችው ግን የልጅቱ አካል ነው። ያልጠና ዳሌ ይዞ ማማጥ ቀናት ይፈጅ ነበር። ከሞት ያመለጡ ብዙዎች ሽንት መቋጠር ተስኗቸው፣ ከባል ቤት ተመልሰው፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት አፍረው ኖረዋል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል በባሕር ዳር ቅርንጫፍ የከፈተው ለእነዚህ ሴቶች ነው።

ወደ ባል ቤት ስትሄድ የርስት ጥያቄዋን ይዛ ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ ከጅጋ በስተ ላይ ባለው ደጋ ዳሞት በ1950ዎቹ ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበርና ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ድርሻ መጠየቅ ትችል ነበር። በተግባር ግን ክርክሩን በዳኛ ፊት የሚያቆመው፣ መሬቱንም የሚያርሰው ወንድ ነበር። ሴት በሬ አትጠምድም። ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልደረሰላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ግማሹን ትጠብቃለች።

የካቲት 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። በ1989 በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በጎጃም ብዙ ቅሬታ አስከትሎ ቢያልፍም ባል የሌላቸውን ሴቶች መሬት አስይዟል። ከ1995 ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ደብተር ደግሞ የባልና የሚስትን ስም በአንድነት ያዘ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈበት። ለብዙዎቹ ሴቶች በሕይወታቸው የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ከሰነዶች ሁሉ ከፍ ባለ ቦታ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ ይቀመጣል።

በማድቤት ያለች ቤተ ክርስቲያን

እምነቷን ለመረዳት ቀን መቁጠሪያዋን ማየት ያስፈልጋል። ማንበብ አልተማረችም፤ ቀናቱን ግን አትስትም። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሁድም ሁለቱም ሰንበት ናቸው፤ ይህ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ሥርዓት ነው። በእነዚህ ቀናት አይታረስም፣ አይፈተልም፣ እህል አይፈጭም። ውኃ ግን ይቀዳል፤ ልጅ ይበላል፣ ከብት ይጠጣል። ለባሏ የበዓል ቀን ዕረፍቱ ነው። እሷ ግን ዋዜማውን ፈጭታ፣ ጋግራ፣ እንጨት ሰብራ ካላደረች በዓሉ በዓል አይሆንም።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዓመት ወደ 250 የሚጠጉ የጾም ቀናት አሏት፤ ከእነዚህም ምእመናን ሁሉ እንዲጾሟቸው የታዘዙት ወደ 180 ይሆናሉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ረቡዕና ዓርብ አሉ። እሷ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን የጽጌን ጾም በፈቃዷ ትጨምራለች፤ ከእመቤታችን ስደት ጋር መሰደድ ነው ትላለች። ነፍስ አባት ለታመመና ለአራስ ያቀልላል። እሷ ግን ቀለል ሲልላት «ልጾም አባ፣ እችላለሁ» ባይ ናት። ቤተሰቡ ጾመኛ ሲሆን የምግቡ ሥራ ይበዛባታል፤ ሽሮው፣ ስልጆው፣ ተልባው፣ ሱፉ ሁሉ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ የሚደርስ ነው። ቀኑን እህል ሳትቀምስ ውላ ለሌላው ታበስላለች። ጨው ልኩን ለማወቅ እንኳ አትቀምስም፤ በማሽተት ታውቀዋለች።

የማኅበርና የሰንበቴ ሥራ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ትከፍላለች፤ ዳቦና ጠላ ለካህናቱና ለነዳያኑ። በ21 የማርያም ማኅበር አለባት። ጽዋውን የተቀበለች ሴት በሚቀጥለው ወር ባለተራ ናትና ዝግጅቷ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነው። ጋኑ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጌሾውና ብቅሉ በውኃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል። ቂጣው ተጋግሮ ይጨመርበታል። አሻሮው ተቆልቶና ተፈጭቶ እንኩሮ ሆኖ ይገባል። ከድፍድፉ በኋላ ውኃ ተሞልቶ አፉ ይከደናል። አንዱ ቀን ቢዘነጋ ጠላው ይበላሻል፤ ያልሰመረ ጠላ ደግሞ በማኅበርተኛ ፊት ያሳፍራል። ዳቦው በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይጋገራል፤ ቄሱ ባርከው ይቆርሱታል፤ ጽዋው ይዞራል። ለዚያች ዕለት የተጣላ ይታረቃል። ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደሞተች፣ የማን ልጅ እንደቀረ እዚያ ይታወቃል፤ የሚረዳ ሰውም እዚያው ይመደባል። የማኅበሩ ጸሎትና የመንደሩ መረዳጃ ተለይተው አያውቁም። ሁለቱም የቆሙት በሴቶች ሌሊት ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት አንዷ እናት ነበሩ። ከቡልጋ የተነሡት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ባልና ልጆች የነበሯቸው ሴት ናቸው። ትተው መንነው በመጨረሻ ጣና ዳር ጓንጉት ገቡ፤ ነሐሴ 24 ይታሰባሉ። የጎጃም እናቶች ወደ ጓንጉት ሄደው ይሳለማሉ፣ ገድላቸውንም ያዳምጣሉ። የዳሞቷ ገበሬ እናት ግን ቤቷን ትታ አትመንንም። ትታ ብትሄድ ማን ያበላል? ቅድስና ለእሷ በዚያው በጢሱ ውስጥ፣ በዚያው በምጣዱ ፊት የሚሠራ ነገር ነው። የገድል ጸሐፊዎች የሄዱትን ጽፈዋል። የቀሩት ግን የሚጽፍላቸው አላገኙም።

ማሕፀንና ሞት

ዘጠኝ ወልዳ አምስት ያሳደገች እናት በእሷ ትውልድ እንግዳ አይደለችም። የምትወልደው በቤቷ ነበር። ምጥ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ልምድ ያላት አዋላጅ ትጠራለች፣ ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ደጅ ያሉት ወንዶች አይተኙም። ምጡ ከጠና ቃሬዛ ይሠራል። ሁለት ረጃጅም እንጨት በጠፍር ወይም በጋቢ ይያያዝና ስምንትም ዐሥርም ሰው እየተፈራረቀ ተሸክሟት ወደ አስፋልቱ ይሮጣል። ክረምት ከሆነ ወንዙ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጠ ቁጥር ይናገራል። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የወለዱት በ1992 ከመቶ አምስት ነበሩ፤ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ከመቶ 48 ሆኑ። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶችን መደበ። አብዛኞቹ ከዚያው ከገጠሩ የወጡ፣ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው። በየቤቱ ገብተው ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወሊድ ክትትል አስተማሩ። ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ሠሩ፤ እናቶች ቀናቸው ሲደርስ እዚያው እንዲሰነብቱ፣ ከወለዱም በኋላ እንደ ቤታቸው ገንፎ እንዲበሉ።

ይህ ገንፎ ትንሽ ነገር አይደለም። ሴቶች ጤና ጣቢያን የሚፈሩት ብርዱን፣ ብቸኝነቱን፣ ባዕድ እጁን ነበር። ገንፎው ተገንፍቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አማቷ አጠገቧ ስትቀመጥ ግን ተቋሙ ቤት ሆነ። በማርያም ስም የምትማጠን ሴት አዋላጅ ነርስ ስትረዳት ማርያምን መማጠን አልተወችም። ሁለቱ አልተጣሉም። የእናቷን ትውልድ የቀበረችው ይህች ሴት ምራቷንና ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ የሸኘችውም በዚሁ እምነት ነው፤ ለእሷ ዘመን ያልደረሰውን ለልጆቿ አደረሰች።

ቆቡና መገነዣው

ዕድሜዋ ሲገፋ፣ ባሏም ሲሞት፣ ነፍስ አባቷን አማክራ ቆብ ትጭናለች። ከዚያ ወዲያ ስሟ እማሆይ ነው። ገዳም አትገባም። በዚያው ጎጆ፣ ከልጇ ወይም ከልጅ ልጇ ጋር እየኖረች፣ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች፣ የልጆቹን ፍራሽ እያነጠፈች ትመነኩሳለች። አቅም ካላት ሰከላ ሄዳ ግሽ ዓባይ ትጠመቃለች።

በእንዝርቷ የመጨረሻውን ጥጥ ትፈትላለች። ስንት ዓመት ለባል ጋቢ፣ ለልጅ ኩታ የፈተለች እጅ አሁን ለራሷ መገነዣ ትፈትላለች። ሸማኔው ሠርቶ ሲያመጣላት አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በሣጥኗ ግርጌ ታስቀምጠዋለች። ስትነግራቸው የሚከፋቸው ልጆቿ ናቸው። እሷ አትከፋም። ለሰው ሁሉ ስታዘጋጅ የኖረች ሴት ለራሷም አዘጋጅታ መሄድ ትወዳለች።

ስትታመም ነፍስ አባቷ ይመጣል። ንስሐዋን ይሰማል፣ ሥጋ ወደሙ ያቀብላታል። ከመሞቷ በፊት ብድሯን ትናገራለች፦ ለእከሊት አንድ ቁና ጤፍ አለብኝ፣ ከእከሌ ቤት ሞሰቤ አለ፣ ያቺን ጥጃ ለታናሿ ስጧት። የተቀየመችውን አስጠርታ ይቅር ትባባላለች። ኑዛዜዋ ይህ ነው፤ ቃሏን የሰሙት ሰዎች ምስክር ናቸው።

እስከ አርባ

ካረፈች በኋላ ሁሉም ነገር በሥርዓት ይሄዳል። ሴቶች ያጥቧታል፣ በዚያው በፈተለችው ሸማ ይገንዟታል፣ በሰሌን ትጠቀለላለች። መጽሐፈ ግንዘት ይነበባል። አስከሬኗ ወደ ደብሩ ሲሄድ መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እያረፈ ነው፤ በየማረፊያው ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ። በሕይወቷ ለካህናቱ ዳቦ ስትሸከምበት በነበረው መንገድ አሁን እነሱ ይሸኟታል።

በፍትሐቱ ላይ ካህኑ ስሟን ይጠራል። የሚጠራው ግን መንደሩ የሚያውቀውን አይደለም፤ በሰማንያኛ ቀኗ የተሰጣትን ነው። ወለተ ማርያም ትሁን ወለተ ሥላሴ፣ ሃምሳና ስድሳ ዓመት አብረዋት ውኃ የወረዱ ሴቶች ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት የሚሰሙት ይኖራሉ። በሕይወቷ ሁሉ የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ ሚስት፣ የእከሌ እናት ተብላለች። በፍትሐቱ ግን በማንም በኩል አልተጠራችም። በራሷ ስም ወደ ፈጣሪዋ ቀረበች።

ሕይወቷን የምትተርከው አልቃሿ ናት። አዲስ አበባ ላይ በቀብር ጊዜ የሕይወት ታሪክ ከወረቀት ይነበባል።  በዳሞት ገጠር ግን ወረቀቱ የአልቃሿ ድምፅ ነው። ሙሾ አውራጇ የሟችን ዘር ትቆጥራለች፣ እጇን ታወድሳለች፣ ያበላቻቸውን ትጠራለች፣ የቀደሟትን ልጆቿን ታነሣለች። የመንደሩ ታሪክ ዐዋቂ እሷ ናት። ነገር ግን ቃሏ አይመዘገብም፤ እሷ ራሷ ስታልፍ የያዘችው ሁሉ ይሄዳል።

ከዚያ ቀኑ ይቆጠራል፦ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። አርባው ትልቁ ነው። ተዝካሯን የሚያዘጋጁት ሴቶች ከእሷ ጋር ለስንት ማኅበር ጋን ያጠኑ ናቸው። ተዝካር ቤተሰብን ለዕዳ እንደሚዳርግ የታወቀ ነው። በሬ ታርዶ፣ እህሉ አልቆ፣ ወራሾቹ ለዓመታት የሚከፍሉት ብድር ውስጥ የገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። አባቶችም ዋናው ጸሎቱና ምጽዋቱ እንደሆነ፣ ድግሱ ሟችን እንደማይረዳት እያስተማሩ ነው። ድሆችን ያበላች ሴት ተዝካር ድሆች የበሉበት ሊሆን ይገባዋል፤ ልጆቿን ያደኸየ መሆን የለበትም።

በጦርነት ዘመን ማረፍ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ይህ ሥርዓት ሁሉ ተናግቷል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 እሁድ፣ በፍልሰታ ጾም፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት መንገድ ዘግቷል፣ አምቡላንስ አስቁሟል፣ ትምህርት ቤቶችንና ጤና ጣቢያዎችን አጉድሏል። በሃያ ዓመት ድካም ከቤት ወደ ጤና ጣቢያ የመጣችው ወላድ እንደገና በቃሬዛ ላይ ናት፤ አሁን ግን ከሞላ ወንዝ ሌላ የተኩስ ድምፅም አለ። ልጁ ባሕር ዳር ያለ ቤተሰብ መርዶ ደርሶት እንኳ ለቀብር መድረስ አይችልም። ሁለት ጎራ የገቡ ልጆች ያሏት እናትም አለች። ሁለቱንም የወለደች፣ ሁለቱንም ያጠባች እናት ናት። ሰላም ለእሷ የፖለቲካ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት አንድ ጡት የጠቡ ልጆቿን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ለሞቷ የቻልነውን ለሕይወቷ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት መዝገብ በየቀበሌው ተከፈተ። እነዚህ እናቶች ግን ልደታቸው አልተመዘገበም፣ ጋብቻቸውም በሽማግሌ ፊት እንጂ በመዝገብ አልተፈጸመም። ብዙዎቹ በመንግሥት መዝገብ የሚገቡት፣ ከገቡ፣ በሞታቸው ብቻ ነው። ቀብሩ ተፈጽሞ ለቀስተኛ ሲሸኝ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ሰው ካልተገኘ ያም ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ይህ ማኅበረሰብ አቅም አለው። በአንዲት ሴት ሞት ምክንያት ሙሉ ቀበሌ ሞፈሩን ያቆማል። ማንም ሳያዘው መቃብር ይቆፈራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እንጨት ይሰበራል፣ ሐዘንተኛ ለቀናት ብቻውን አያድርም። ጉልበቱም ፍቅሩም ሥርዓቱም አለ። ይህ ጉልበት ለሞቷ ብቻ ከዋለ ግን ዘገየ። ዕድር ለቀብር እንደሚያዋጣ ሁሉ ለሕክምና ያዋጣ። በብዙ የገጠር አካባቢ ያለው ቃሬዛ የመሸከም ልማድ በስም ዝርዝርና በተራ ይደራጅ፤ ወላዷ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ሸካሚ ይኑራት። ለአርባዋ ከሚታረደው በሬ ዋጋ ጥቂቱ በሕይወት ሳለች ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና፣ ለደም ግፊቷ መድኃኒት ይዋል። ማኅበርተኛዋ ጽዋ ስትቀበል ጋኑን የሚሸከም፣ ውኃውን የሚቀዳ ወንድ ልጅ ይኑር፤ ለቀብሯ የሚሸከማት እሱ አይደል?

ነፍስ አባቶችም የሚችሉት አለ። ነፍሰ ጡርና አራስ ጾም እንደሚቀልላት በዐውደ ምሕረት በግልጽ ይነገር። እናትየዋ ከባሏ ይልቅ፣ ከሐኪም ይልቅ የምትሰማው እነሱን ነውና ጤና ጣቢያ ሂጂ ሲሏት ትሄዳለች። ልጅን በልጅነት መዳር ኃጢአት ነው ሲሉም ወላጆች ይሰማሉ።

ከተማ ለወጡ ልጆች ደግሞ የሚቀር ሥራ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጅጋ፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ደምበጫ ስትሄዱ ስልካችሁን አውጡና እናታችሁን አስወሯት። ስንት ልጅ እንደቀበረች፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ምን እንደበላችሁ፣ መሬቷን ማን እንዳረሰላት፣ ጠላውን እንዴት እንደምትጠነስስ፣ አያቷን ማን እንደሚሏት ጠይቁ። የክርስትና ስሟንም ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በፍትሐቷ ላይ ከምትሰሙት ዛሬ ከአፏ ስሙት፤ ጻፉት፤ ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። ይህ ምድር ያደረው በእነዚህ እናቶች እጅ ነው፣ ክብራቸውም ገና በሕይወት ሳሉ ይገባቸዋል።